አቁማዳ ተሸክማ ሩጫ ልታይ የሄደችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ከደጋው ወርዶ ቆላውን ላቋረጠ ብቻ በምትታይ የጨው ባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ለእንስሳት ሁሉ ታላቅ የሩጫ ውድድር ተዘጋጀ። አንበሳም «ውድድሩ አልቆ ሁሉም ቤቱ እስኪገባ ድረስ ማንም ማንንም እንዳይበላ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። አዋጁን ደጋ ድረስ ያደረሰው ሽመላ ነበር። ሽመላ ተናግሮ ሲጨርስ ሜዳው ዳር ብቻዋን ወደምትግጥ አንዲት አህያ ጠጋ አለ።

«የቡላ እናት አንቺ ነሽ?» አላት።

አህያዋ ሣሩን ከአፏ ጣለች። ቡላ አንድ ልጇ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከጨው ጫኝ ግመሎች ጋር ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀርቷል።

«እኔ ነኝ። ምን ሆነብኝ?»

«ደህና ነው። ከሯጮቹ አንዱ እሱ ነው። እናቴ ትምጣልኝ ብሏል። የሚሮጠው በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ነው። መታጠፊያው ላይ አሸዋው ስለሚከብድ ብዙ ሯጭ እዚያ ይቀራል። ‹እናቴ እዚያ ቆማ ድምፅዋን ካሰማችኝ አልቀርም፤ ካልሰማኋት ግን እግሬን አላምነውም› ብሎ ነው የላከኝ።»

በአጠገቡ የሚግጡ ፈረሶች ይህን ሰሙ።

«አህያ ደግሞ ይሮጣል?» አለ አንዱ።

«ይሮጣል እንጂ፤ ካባረሩት» አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

አህያዋ አልመለሰችላቸውም። ፈረሶች ሲስቁባት የዚያን ቀን አልጀመሩም። እሷ የምታስበው ስለ መንገዱ ነበር፤ ከተወለደች ጀምሮ ከገበያው አልፋ አታውቅም። በዚያ አገር ጨው ባሕርን አይታ የተመለሰች ቀበሮ ብቻ ነበረች። አምና ሄዳ ስለመጣች ስለ ባሕሩ መጠየቅ የፈለገ ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል። አህያዋም ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ መንገዱን ያውቁታል ብለውኝ ነው የመጣሁት። ልጄ ሊሮጥ ነው።»

«ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ነይ፣ ጥላው ውስጥ ቁሚ» አለች ቀበሮ። «መቼ ልትነሺ አሰብሽ?»

«ሦስት ቀን ሲቀረው።»

«ከሦስት ቀን በኋላማ ገና ቆላው መሀል ነሽ። መንገዱ አምስት ቀን ነው፤ አንቺ ስድስት ያዢለት። ቆላው ላይ የሚኬደው በጠዋትና ወደ ማታ ላይ ብቻ ነው፤ ቀትር ላይ የተንቀሳቀሰ ሰኮናው ይቃጠላል። ከሁሉ ከሁሉ ግን ውሃ። ያን ሁሉ ባሕር አይተሽ እንዳትታለዪ፤ አንድ ጉንጭ ከጠጣሽለት ጥማቱ ይብስብሻል። ከተማው ውስጥ የሚጠጣ ውሃ የለም፤ ያለው ኮረብታው ሥር አንድ ጉድጓድ ነው፤ እሱም በውድድር ሰሞን ሰልፉ አያድርስ ነው። ስለዚህ ቆላው አፋፍ ላይ ካለው የመጨረሻ ምንጭ ሞልቶ መውሰድ ነው። ማደሪያም እንደዚሁ፤ ዋሻው ሁሉ ከወር በፊት ነው የሚያዘው። ምንጣፍና ዳስ መጣያ ይዞ ያልሄደ እንግዳ አሸዋ ላይ ሲቃጠል ይውላል።»

አህያዋ እያንዳንዱን ቃል በልቧ ያዘች። በዕድሜዋ ማንም እንዲህ ረጋ ብሎ አስረድቷት አያውቅም።

«ይህን ሁሉ ግን ማን ይሸከመዋል?» ብላ ጠየቀች።

ቀበሮ የአህያዋን ሰፊ ጀርባ አየች። አህያዋ ጥያቄዋ ራሷን አሳፈራትና ጆሮዋን ጣለች።

በዚህ መሀል ጅብ ከቁጥቋጦው ወጣ።

«እኔም እሄዳለሁ» አለ። «እዚያ የሚበላ አለ?»

«ዓሣ አለ፣ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ። «አዋጁን ግን አትርሳ።»

«ዓሣ ሲበሉት ይጮሃል?»

«አይጮህም።»

«ካልጮኸ ማን ይከሰኛል?» አለ ጅብ። ትንሽ አሰበና ደግሞ፦ «ባሕሩ ግን አይጠጣም ነው የምትዪው?»

«አይጠጣም። ጨው ነው።»

«ያን ያህል ውሃ ደጃቸው አስቀምጠው አትጠጡ ይላሉ። ንፉጎች» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱም አብረው ተነሡ። ምንጣፉና ዳስ መጣያው አህያዋ ላይ ተጫነ። ቆላው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ሁለት ትልልቅ አቁማዳ ውሃ ሞልተው በግራና በቀኝ ጎኗ አሰሩ። ቀበሮ ገመዱን በጥርሷ ጎትታ ካጠበቀች በኋላ ፊት ለፊቷ መጥታ ቆመች።

«አህዪት፣ ይህ ውሃ የሦስታችን ነፍስ ነው። ጅቦ እንደሆነ አይታመንም፤ እኔም አቅም የለኝም። አደራ።»

አደራ የምትለውን ቃል ስትሰማ የአህያዋ ጀርባ ራሱ ቀጥ አለ። በእናቷም በአያቷም ዘር አደራ ተጭኖ መንገድ ላይ የጣለ አህያ ተሰምቶ አይታወቅም። ሌላው እንስሳ በቀንዱ ይኩራ፣ በግርማው ይኩራ፤ አህያ የምትኮራበት ነገር ይህ ብቻ ነበር።

«አደራው የኔ ነው» አለች። «እመት ቀበሮ፣ የቀረ ነገር አለ? ከተማው ስንደርስ ማወቅ ያለብኝ?»

ቀበሮ አቁማዳዎቹን አየቻቸው።

«የለም» አለች። «ዋናው ውሃው ነው።»

ቆላውን በጠዋትና በማታ እየተጓዙ፣ ቀትሩን ግራር ሥር እያሳለፉ፣ ልክ ቀበሮ እንዳለችው በስድስተኛው ቀን ጠዋት ደረሱ። ውድድሩ የሚጀመረው በዚያው ዕለት ነበር። አህያዋ ባሕሩን ከሩቅ ስታየው ሰማይ መሬት ላይ የወደቀ መሰላት፤ ግን ቆማ አላየችውም። መታጠፊያው የት ይሆን እያለች ትቸኩል ነበር።

የከተማው መግቢያ ሁለት በር አለው። ቀበሮና ጅብ ሳይጠይቁ፣ ወደ ኋላም ሳይዞሩ በቀኙ ገቡ። አህያዋ ልትከተላቸው ስትል አንድ ሽማግሌ ግመል አንገቱን ዘርግቶ አገዳት።

«እቴ፣ ምን ጭነሻል?»

«ውሃ ነው፣ ምንጣፍና ዳስ መጣያም አለ።»

«እንግዲያ በግራው በር ነው።»

«ሩጫ ላይ ነው የመጣሁት። ልጄ ይሮጣል።»

«ይሩጥ፣ ይቅናው። ጭነት ያለው ግን በግራ፣ ጀርባው ባዶ የሆነ በቀኝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጭነት የያዙ በቅሎዎች መታጠፊያው ላይ ሲጋፉ አንዲት ሚዳቋ ረግጠው እግሯን ሰበሩ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይኸው ነው።»

«የግራው በር የት ያደርሳል?»

«እንግዶች ከሚያድሩባቸው ዳሶች ጀርባ። ከዚያ ሩጫ አይታይም።» ግመሉ ወደ ቀኙ በር አየት አደረገ። «ያቺ ቀበሮ አልነገረችሽም እንዴ? አምና አንዲት ቅል ውሃ አንጠልጥላ መጥታ በግራ ነው ያስገባኋት። ስትለምነኝ ነው የዋለችው። አንድም ሩጫ ሳታይ ተመለሰች።»

ነገሩ ወደ አህያዋ ልብ ሊገባ ሲል እሷው መለሰችው። ረስታው ይሆናል ብላ አሰበች።

«ችግሩ ምንድን ነው?» አለ ግመሉ አዝኖላት። «እዚሁ አራግፊውና በቀኙ ግቢ። ፀሐይዋ ገና ነች።»

«እዚህ ባወርደው ይጠብቁልኛል?»

«እዚህ የወረደ የማንም ነው። ያገኘ ይወስደዋል።»

«አደራ ነው፣ አባቴ።»

«የማን?»

«የእነሱ።»

«እነሱ እኮ ገብተዋል» አለ ግመሉ።

አህያዋ ፀሐይዋን አየቻት። አድርሼላቸው በቀኙ በር እመለሳለሁ፣ ጊዜ አለኝ ብላ በግራው ገባች።

ከዳሶቹ ጀርባ ስትደርስ ያየችው ጅብን ነው። መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ ያቃስታል። ቀበሮ ከአጠገቡ ቆማለች።

«ጠጣው» አለች ቀበሮ። «ባሕሩን ጠጣው። ለእሱ የተቀመጠ መስሎት።»

«ንፉጎች ናቸው ብዬ ነው» አለ ጅብ እያቃሰተ። «ውሃ... ውሃ አምጡ።»

ምንጣፉን አወረዱ፤ ዳስ መጣያውንም አወረዱ። ጅብ የመጀመሪያውን አቁማዳ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ሁለተኛውንም ጨረሰና እንደገና «ውሃ» አለ። አህያዋ አቁማዳዎቹ ሲጎድሉ እያየች በልቧ ደስ አላት፤ ጀርባዋ ባዶ ሆነ። ፊቷን ወደ ቀኙ በር አዞረች።

«የት ነው?» አለች ቀበሮ።

«ልጄ ሊሮጥ ነው።»

«ጅቦ ሊሞት ነው እኮ። ጉድጓዱ ኮረብታው ሥር ነው፤ እኔ እንዳልሄድ አቁማዳው በጥርሴ ይቀደዳል። ደግሞ አሁን ገና ሰጎኖቹ ናቸው የሚሮጡት፤ ከነሱ በኋላ ሚዳቋዎች አሉ። ቶሎ ካልሽ ትደርሻለሽ።» ቀበሮ ባዶዎቹን አቁማዳዎች አንሥታ አህያዋ ጀርባ ላይ አኖረቻቸው። «አደራ፣ አህዪት።»

አህያዋ ጀርባዋን ነቅነቅ ብታደርግ አቁማዳዎቹ ይወድቁ ነበር። ባዶ አቁማዳ ምን ክብደት አለው? ግን አደራ ተብላለች። አልነቀነቀችም። ሄደች።

ጉድጓዱ ዘንድ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቷ የቆሙት በጎች ስለ ሯጮቹ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዱ ተራ ሲደርሰው ሌላውን ዘመዴ ነው ብሎ ያስገባል። አህያዋ አስቀድሙኝ ለማለት ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስት ጊዜም መልሳ ዘጋችው። ተራዋ ደርሶ አንደኛው አቁማዳ ሲሞላላት ከባሕሩ በኩል የሩጫው ከበሮ ተመታ።

«አሁን ማን ነው የሚሮጠው?» ብላ ጠየቀች።

«ፈረሶች ናቸው» አለች አንዲት በግ። «አንድ አህያም ከመሀላቸው ገብቷል አሉ። የሚገርም ነው።»

አህያዋ እዚያው በቆመችበት አንገቷን ወደ ባሕሩ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ባላት ድምፅ ሁሉ አናፋች። በጎቹ ደንግጠው ተበተኑ። ነፋሱ ግን ከባሕሩ ወደ ኮረብታው ነበር የሚነፍሰው፤ ድምፅዋን ይዞ ወደ ኋላዋ፣ ማንም ወደሌለበት ወሰደው። ደግማ አናፋች። ሲደክማት ከሩቅ የሕዝቡ ጩኸት ከፍ ብሎ ተሰማ፤ ከዚያም ድንገት ጸጥ አለ።

ተመልሳ ከዳሶቹ ጀርባ ስትደርስ ቡላ በግራው በር በኩል ሲወጣ አገኘችው። አድጓል፤ ደረቱ ሰፍቷል። ጉልበቱ ድረስ አሸዋ ለብሷል።

«ልጄ።»

ቡላ ቆመ። መጀመሪያ እሷን አየ፤ ቀጥሎ ውሃ የሚያንጠባጥቡትን አቁማዳዎች አየ።

«እዚህ ነበርሽ?» አላት።

«ከጠዋት ጀምሮ። ሩጫው እንዴት ሆነ?»

«መታጠፊያው ላይ እስክደርስ እየመራሁ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቆምኩ።»

«ለምን ትቆማለህ፣ ልጄ?»

«ድምፅሽን እየሰማሁ እንደሆነ ለመለየት። ከሩቅ አንድ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ጆሮዬን ሳቀና አለፉኝ።»

አህያዋ ድምፁ የእሷ እንደነበር ልትነግረው ፈለገች። የሚጠቅም መስሎ ስላልታያት ተወችው።

«ለከርሞ...» አለች።

«ለከርሞ አህያ አያስገቡም። ዳኞቹ ‹መሀል ሜዳ ላይ የሚገተር እንስሳ አንፈልግም› ብለዋል። ፈረሶቹ እየሳቁ ነው የወጡት።» ወደ አቁማዳዎቹ በአፍንጫው አመለከተ። «ውሃው የማን ነው?»

«የአያ ጅቦ።»

ቡላ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ በልጅነቱ አልነበረውም። ከዚያ እናቱን ግንባሯ ላይ በአፍንጫው ነካ አድርጎ ጨው ጫኝ ግመሎቹ ወዳሉበት ሄደ።

ጅብ ድኖ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል። ቀበሮ በዳሶቹ መሀል ብቅ አለች፤ ሩጫውን ሁሉ አይታ መምጣቷ ከፊቷ ያስታውቃል። አህያዋ እንደማታናግራት ስታይ ቅር አላት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች። «ከነገርኩሽ ውስጥ ውሸት የቱ ነው? መንገዱ ስድስት ቀን አልፈጀም? ባሕሩ ጨው አልሆነም? ጉድጓዱ ሰልፍ አልነበረበትም?»

አህያዋ የተባለችውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰች። ውሸት ፈለገች፤ አላገኘችም።

«ሁሉም እውነት ነው» አለች። «የበሩን ነገር ግን አልነገርሽኝም።»

አንቺ ብላ ስትጠራት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀበሮ ታዝባታለች፤ ቢሆንም አልተቆጣችም።

«መች ጠየቅሽኝ?»

«ጠይቄሽ ነበር። አፋፉ ላይ፣ ጭነቱን ካሰርሽ በኋላ።»

ቀበሮ መዳፏን ላስ ላስ አደረገች።

«ብነግርሽ ኖሮ ውሃውን ማን ያመጣው ነበር?» አለች፤ ይህንንም ስትል በድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ስለ መንገዱ ስታስረዳት የነበረችበት ያው የተረጋጋ ድምፅ ነበር።

አህያዋ ተንበረከከች። ሙሉዎቹን አቁማዳዎች አንዲት ጠብታ ሳታፈስ አሸዋው ላይ አሳረፈቻቸውና ተነሣች። ጀርባዋ ባዶ ነበር። በቀኙ በር በኩል ወጣች፤ ግመሉም አላገዳትም፤ የሚታይ ሩጫ ግን አልቆ ነበር። ከዚያ ሳትጠጣ የስድስቱን ቀን መንገድ ብቻዋን ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ምክር እውነት ስለሆነ ብቻ ለእኛ ተብሎ የተሰጠ እንዳይመስለን ነው።