ቀዳዳ ያልነበረው ባቄላ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ባቄላ የሚያመርት።»

አያ ደርሶ ይህን ያሉት ይታይሽ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ነው። በይታይሽ ደጅ ተቀምጠው ገመድ መግመዳቸውንም አላቋረጡም።

ይታይሽ ጎረቤታቸው ናት፤ የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ታላቅ እህቷ ከደፍ ስትወርድ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ይኸው ውስጥ መደብ ላይ ተኝታለች። የምታነሳትም የምታጥባትም ይታይሽ ናት። እህቷን ያከመችው ሐኪም ታዲያ፣ «በዚህ ዕድሜ የሴት አጥንት ሳያሳምም ይሳሳል፤ አንቺም አጥንትሽን በመሣሪያ ተለኪ» ብላታለች።

«እኔ እንደሁ ይኸው ጀሪካን አዝዬ ዳገት እወጣለሁ!» አለች ይታይሽ። «አንድም ቀን አጥንቴን አሞኝ አያውቅም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሆንብኛል። ምን ብዬ ነው የምለካው፣ አያ ደርሶ?»

«ስሚ እንጂ» አሉ ሽማግሌው።

ያ ሰው ለዘር የሚሆነውን ባቄላ መርጦ ጎታ ከተተ፤ አፉንም በጭቃ መረገው። ክረምት ሲቃረብ ከፈተው። ባቄላው ያብረቀርቃል፤ ቀዳዳ የሚባል የለበትም። ሚስቱ ግን አንድ እፍኝ ዘግና በእጇ ከፍ ዝቅ አደረገችና፣ «ቀለለኝ» አለች። «እስቲ ውኃ ላይ ጣል አድርገን እንየው።»

«በዘሬ ላይ አታሟርቺብኝ!» ብሎ ተቆጣ። «ነቀዝ ገብቶት ቢሆን ቀዳዳው የት አለ?»

ሰውየው ያላወቀው፣ ነቀዝ ቀዳዳውን የሚከፍተው በልቶ ሲወጣ መሆኑን ነው። እስኪወጣ ድረስ ውስጥ ለውስጥ ይበላል፤ ልጣጩ እንደነበረ ነው።

ሊያሳፍራት ብሎ ራሱ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ገበቴ ውኃ ውስጥ በተነው። «በይ እይ!» አላት። ከፊሉ ሰጠመ። ከፊሉ ተንሳፈፈ። ከተንሳፈፈው አንዱን አንስቶ በጥርሱ ቢሰብረው ዱቄት ብቻ ሆነበት። ሚስቱ አልሳቀችበትም፤ «ዝናቡ ገና ነው» አለችው።

እውነትም ገና ነበረ። ጎታውን ገለበጠ። ባቄላውን በውኃ ለየ፤ የሰጠመውን ፀሐይ ላይ አሰጥቶ አደረቀ፤ የጎደለውን ዘመዱ ዘንድ ሄዶ በበግ ለወጠ። የተበላው አልተመለሰም። የቀረው ግን ተረፈ፤ መሬቱም ጦሙን አላደረም።

አያ ደርሶ ገመዱን አስቀምጠው ወደ ይታይሽ ዞሩ።

«ባቄላው አጥንትሽ ነው። ዳገት ወጣሽ ማለት ውስጡ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። የእህትሽ ስብራት ነቀዙ ሲወጣ የከፈተው ቀዳዳ ነው፤ እኛም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ልኬቱ ደግሞ ውኃው ነው፤ በሽታ አይጠራም፣ ያለውን ያሳያል። ከሰጠመልሽ ደስ ብሎሽ ትመለሻለሽ። ቢንሳፈፍም ዝናቡ ገና ነው፤ የቀረውን በምን እንደምትጠብቂው ሐኪሟ ትነግርሻለች።» በአገጫቸው ወደ ቤቱ ጠቆሙ። «አንቺ ከወደቅሽ እሷን ማን ያነሳታል?»

ከውስጥ የእህቷ ድምፅ መጣ፤ «ሰማሽ አንቺ? ሂጂ እንጂ!»

ይታይሽ ሳቀች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«እንግዲያስ ነገ ጧት እሄዳለሁ። እስክመለስ እሷን እርስዎ ይጠብቁልኛል። ብቻ አደራ አያ ደርሶ፣ ተረት አያብዙባት፤ ምስኪን፣ ተነስታ አታመልጥዎት ነገር!»