አያ ጅቦና የሙሽራዋ መኪና

አንድ ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ በአሜሪካ ጫካ፣ አውሬዎቹ ሁሉ በእግር መሄድ ነውር ሆኖባቸው በመኪና ብቻ በሚመላለሱበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ትልቅ የመኪና ፋብሪካ ነበረው። የእሱ መኪና ረጅም ነው። በጣም ረጅም። የፊቱ መብራት ገበያ ሲደርስ የኋላው ገና ከግቢ አልወጣም እየተባለ ይቀለድበታል። ወንበሩ እንደ አልጋ ይመቻል፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ወፎች ከዛፍ ላይ ይበረግጋሉ።

አያ ጅቦ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሞተሩን ነው። ቤንዚን ሲቀዳለት አጠገቡ ቆሞ ያዳምጣል፣ ከንፈሩን ይልሳል። ሞተሩ የሚጠጣው ሁሉ በራሱ ጉሮሮ የሚወርድ ይመስለዋል።

«ሌላ ሲሊንደር ጨምሩበት!» ይላል ሠራተኞቹን። «ቶሎ የሚጠግብ ሞተር ምኑን ሞተር ሆነ?»

መኪኖቹን የምትሸጥለት ቀበሮ ነበረች። ንጉሡ አንበሳ ሊገዛ ሲመጣ፣ «ጌታዬ፣ ይኼኛው እንኳ ይቅርብዎት፤ ከእርስዎ በላይ ያገሳል» ትለዋለች። አንበሳም እልህ ይይዘውና ያንኑ ገዝቶ ይሄዳል።

አንድ በጋ ግን ቤንዚኑን ከበረሃ የሚያመጡት ግመሎች ባዶ በርሜል ይዘው መጡ። ማደያው ላይ የመኪናው ሰልፍ ረዝሞ ወንዝ ተሻገረ። የአያ ጅቦ መኪኖች ተራቸው ሳይደርስ፣ እዚያው ሰልፍ ላይ እያጓሩ የያዟትን ቤንዚን ጨረሱ። ባለቤቶቹ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ፍየሎችም ጣሪያቸው ላይ ወጥተው ያመሰኩ ጀመር።

«አያ ጅቦ፣ ትንንሽ መኪና እንሥራ» አለች ቀበሮ። «አህያ ከወንዝ ማዶ ያመጣትን አይተሃል? ቤንዚን አሽትታ ነው የምትሄደው።»

«ትንሽ?» አያ ጅቦ ጆሮዎቹን አቆመ። «በዚህ ቁመናዬ ትንሽ ነገር ሠርቼ ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ጎረቤትማ ማለት ከጀመረ ቆየ።»

አፉን ሞልቶ ይናገር እንጂ ሆዱ ፈርቷል። ፋብሪካው ጸጥ ብሏል። ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው እሱን እሱን ያያሉ። በዚህ መሐል አንበሳ መጣ።

«ልጄን ልድር ነው። ካሉህ ሁሉ ረጅሙን መኪና አዘጋጅ» አለው። «በአማቾቼ ፊት ካዋረድከኝ ግን ፋብሪካህን እዘጋለሁ። አንተን ደግሞ…» ቀሪውን ሳይናገር ጥርሱን በምላሱ ዳበሰ።

መኪናው አለ፤ ያንን ሞተር የሚያጠግብ ቤንዚን ግን በአገሩ የለም። አያ ጅቦ ሲንጎራደድ ውሎ ድንገት በደስታ ዘለለ።

«አገኘሁት! እንደ አህያው መኪና ያለች ትንሽ ሞተር ገዝቼ እዚህ ውስጥ እገጥማለሁ። ኮፈን ከፍቶ የሚያይ ማን አለ?»

ቀበሮ መኪናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። «በዝሆን ገላ የጥንቸል ልብ?»

«ዝም በይ!»

«ዝም ብያለሁ። ብቻ ለሠርጉ ቀን ፈቃድ ስጠኝ፤ አክስቴ ታማብኛለች።»

የሠርጉ ዕለት አያ ጅቦ ራሱ መሪውን ያዘ። አንበሳ ካባውን ለብሶ ከፊት፣ ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ከኋላ ተቀመጡ። መኪናው እንደ ትንኝ ጢዝዝ እያለ ተነሳ።

«ድምፁ ምን ነክቶታል?» አለ አንበሳ።

«ለሙሽራዋ ክብር ዝቅ አድርጌው ነው፣ ጌታዬ።»

ሜዳውን በደህና አለፉ። የሙሽራው ቤት ግን ኮረብታ ላይ ነበር። አቀበቱ መሐል ሲደርሱ ሞተሩ ሳል ጀመረው፤ ሁለቴ አስነጠሰውና ቀጥ አለ። ከዚያ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ።

«አባዬ!» ብላ ሙሽራዋ ጮኸች።

አንበሳ ዘሎ ወርዶ ትከሻውን ከኋላ ደገፈበት። ካባው አፈር ለአፈር ይጎተታል፤ ጋማው በላብ ርሷል። ከላይ ከበሮ ሲመቱ የነበሩት አማቾቹ ነብሮች ምታቸውን አቆሙ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ኮረብታው በሙሉ በሳቅ ተናጋ።

በዚያው ቅጽበት የአህያ ትንሽ መኪና ከታች ተፍ ተፍ እያለች መጣች። ከአህያው ጎን ቀበሮ፣ የሠርግ ቀሚሷን ለብሳ፣ ተደላድላ ተቀምጣለች።

«አክስትሽስ?» አለ አያ ጅቦ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ።

«ተሽሏታል፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

አህያ በትሕትና በሩን ከፈተ። «ጌታዬ፣ ጠጋ ጠጋ ካልን ቦታ አይጠፋም።»

ሚዜዎቹ ወርደው ረጅሙ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁ። የጫካው ንጉሥ ልጁን አስገብቶ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጣጥፎ ገባ። በሩ ሲዘጋ ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«ይኼን ግንድ አንተው ጎትተህ ታመጣዋለህ።»

አያ ጅቦ ገመድ ደረቱ ላይ አስሮ ጎተተ። የሥጋ ሽታ ከላይ ይጠራዋል፣ መኪናው ወደ ታች ይስበዋል። አፉን ከፍቶ፣ ምላሱ ተንጠልጥሎ ጫፍ ላይ ሲደርስ ድግሱ ተነሥቷል፤ አጥንቱ እንኳ ተጠርጓል።

አንበሳም ፋብሪካውን ለቀበሮና ለአህያ ሰጠ። አያ ጅቦ እየፈራ እየቸረ ሄዶ ከበሩ ላይ ቆመ። ቀበሮ አየችውና አሳዘናት፤ «ግባ፣ ሥራ አለ» አለችው። የመጀመሪያውን ቀን አንዷን ትንሽ መኪና ሊሞክር ገብቶ እንደተሰነቀረ ቀረ፤ ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ በእግሩ ጎትተው አወጡት።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘመን ሲለወጥ ትልቅ መስሎ ለመታየት ብቻ የሚደክም ሰው ትንሽ ሆኖ መኖር ከሚያመጣበት ኀፍረት የባሰውን በገዛ እጁ በራሱ ላይ እንደሚጠራ ነው።