ሦስት ሊቃውንትና አንድ ቁራ

ሌባ ቤትህ ገብቶ ዕቃህን ዝም ብሎ ቢወስድ ይሻልሃል ወይስ የዕቃህን ውበት እያደነቀ፣ ስምህንም በመጽሐፉ እያነሳ ቢወስድ? መልስህን ያዝና ስማ።

በአንድ ወቅት፣ ሴሎን የምትባለውን ደሴት እንግሊዞች በሚገዙበት ዘመን፣ ኪሪ ኤታና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሀብቷ አንድ የሩዝ ማሳ ነው፤ ሩዝ ደግሞ ያለ ውሃ ገለባ ነው። ውሃው ከመንደሩ ግድብ በቦይ ይመጣላታል። በቦዩ አፍ ላይ፣ ጥንት አንድ ንጉሥ ውሃውን ለአያቶቿ ሲሰጥ ያስቀረጸው ድንጋይ ቆሟል። ጽሕፈቱን የሚያነብ ሰው ካለቀ ቆይቷል፤ ቃሉን ግን መንደርተኛው ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። «ፀሐይና ጨረቃ እስካሉ ውሃው የዚህ ቤት ነው። ውሃውን ከዚህ ቤት የነጠለ ቁራ ሆኖ ይወለድ» ይላል። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይሳሳትም ከግርጌው አንድ ቁራ ተቀርጿል።

መጀመሪያ የመጣው ዶክተር ሊንደማን የሚባል ጀርመናዊ ነው። የሙታንን ቋንቋ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በሕይወት ላሉት ግን ሰላምታ እንኳ መስጠት አይችልም። ውሃ ሲጠማው የሚጠይቀው በነገሥታት አዋጅ ቃል ስለሆነ፣ ሴቶቹ በኮኮናት ቅርፊት እየቀዱ «ይጠጡ ግርማዊነትዎ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። ድንጋዩ ሥር ተንበርክኮ ሰነበተ። እርግማኑ ላይ ሲደርስ በደስታ ጮኸ። ጽሑፉን ገልብጦ አሳተመና «ይህን የመሰለ ቅርስ ዝናብ ላይ መተው ወንጀል ነው» ብሎ ለአውራጃው ገዥ አመለከተ።

«ከአያቶቼ በፊት ጀምሮ ዘንቦበታል፤ አልሟሟም» አለችው ኪሪ ኤታና። አልገባውም። የተናገረችው በዛሬ ቋንቋ ነበር።

የአውራጃው ገዥ ሚስተር ሃርግሬቭም ሊቅ ነኝ ባይ ነው። ስለ ደሴቲቱ ሰዎች ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል። ስለ ስንፍናቸው የሚያትተውን ምዕራፍ የጻፈው አራት ሰዎች በተሸከሙት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ድንጋዩን ለመጫን ጋሪ ይዞ ሲመጣ ጋሪ ነጂዎቹ ቁራውን አይተው ወደኋላ አሉ። ሃርግሬቭ ኮቱን አወለቀ።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቁራ አልሆንም» ብሎ ገመዱን በገዛ እጁ ጠለፈ።

ኪሪ ኤታና በሬዎቹ ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ ድንጋዩ ከሄደ ውሃዬስ?»

«ውሃሽን ማን ነካው? ይኸው ይፈስሳል።»

እውነቱን ነው፤ ውሃው ይፈስስ ነበር። ድንጋዩም ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ አገር አንድ ሙዚየም ውስጥ ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ወጣ፦ የመብቱን ማስረጃ ለችሎት ያላቀረበ ሁሉ ውሃው የመንግሥት ይሆናል። ኪሪ ኤታና አልደነገጠችም። ዳኛው ሚስተር ፔንሮዝ ነዋ! ፔንሮዝ ወዳጅ ነው፤ እግዜር ከእንዲህ ያለ ወዳጅ ይሰውራችሁ። ቋንቋዋን ከእሷ ይልቅ አሳምሮ ይናገራል፤ በሙዝ ቅጠል ላይ በእጁ ይበላል፤ በበዓል ቀን ሽርጥ ያገለድማል። ስለዚያ ድንጋይም በትልልቅ ሰዎች ፊት ንግግር አድርጎ፣ የጥንቱን ንጉሥ ፍትሕ ሲያወድስ ዕንባ ተናንቆት ነበር።

«ድንጋዩ የት አለ፣ እህቴ?» አላት ከወንበሩ ላይ።

«እርስዎ አገር።»

ችሎቱ ሳቀ።

«የዶክተሩ ግልባጭ አለ» አለች።

«ከዋናው ጋር ያልተመሳከረ ግልባጭ ማስረጃ አይሆንም።»

«እርስዎ ራስዎ ድንጋዩን አንብበውት የለም እንዴ?»

«አንብቤዋለሁ። ግን በሊቅነቴ ያወቅሁትን በዳኝነቴ አላውቀውም። ሕጉ ነው።»

«እንግዲያው ሊቁን ይጥሩልኝና ይመስክርልኝ!»

ፔንሮዝ ፈገግ አለ፤ አመላለሷ ደስ ብሎታል፤ ከሰዓት በኋላ በማስታወሻው ሊያሰፍረው አስቧል። «ዳኛ በያዘው ጉዳይ አይመሰክርም» አለ። ከዚያም ውሃው የመንግሥት ነው የሚለውን ፍርድ፣ ልብ በሚነካ ውብ አነጋገር በገዛ ቋንቋዋ አነበበላት። ቦዩ ተዘጋ። በመኸር ኪሪ ኤታና የሰው ሩዝ ስታጭድ ዋለች።

ሦስቱ ሰዎች በኋላ እንግሊዝ አገር በአንድ የሊቃውንት ግብዣ ላይ ተገናኝተው፣ ድንጋዩ በማን ስም ይጠራ በሚለው ተጣሉ አሉ። አንዱ «ያናገርኩት እኔ» ይላል፣ ሌላው «ያዳንኩት እኔ»፣ ሦስተኛው «የወደድኩት እኔ»።

የመንደሩ ሰዎችም በበኩላቸው ክርክር ገጠሙ።

«ቁራው ሊንደማን ነው። እሱ ባያወድሰው ድንጋዩን ማን ይፈልገው ነበር?»

«እሱ ዓይኑን እንጂ እጁን አላሳረፈም። የነቀለው ሃርግሬቭ ነው።»

«ያኔማ ውሃው ይፈስስ ነበር! የዘጋው የዳኛው አፍ ነው።»

«ዳኛው ሕግ ጠበቀ። ድንጋዩ ቢኖር ይፈርድላት አልነበር?»

«ቆይ፣ ቁራዎቹን አማክራችኋል?» አለ አንድ ሽማግሌ። «ከእነዚህ አንዱን ጎጇቸው ውስጥ የሚያስገቡ ይመስላችኋል?»

እርግማኑ አንድ፣ የተቀረጸውም ቁራ አንድ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ያነበበው፣ ያነሳውና ያወቀውን አላውቅም ያለው ተሰልፈውልሃል። ቁራ ሆኖ መወለድ የሚገባው የትኛው ነው?

የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ግን ኪሪ ኤታናን ለብቻዋ ወስዶ «ልጄ፣ ክርክሩን ተዪውና ይቅር በያቸው። ቂም ማሳ አያጠጣም» አላት።

«ይቅርታም አያጠጣም፣ አባቴ» አለች። «ቁራውን ተከራካሪዎቹ ይምረጡ። እኔ ያነበበውንም፣ ያነሳውንም፣ የፈረደውንም፣ ችሎት ተቀምጦ የሳቀውንም ይቅር አልልም። ማንንም።»