እንየው ከዓሣ ጋር ቁራኛ የታሰረ ዕለት

ጣና ዳር ገበያ ወርዳችሁ፣ የዓሣ ክር ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ቆማችሁ «እስቲ የማይበጠሰውን ስጠኝ» ብትሉ፣ አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ እንደሆነ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቀጥሎ አንዲት አጭር ነገር ጣል ያደርግላችኋል። ይህችው ነገር ልጅ ለመዳር በተቀመጡ ዘመዶች መካከልም ትሰማለች፤ ሁለት ሰዎች እርሻ በእኩል ሊያርሱ ሲዋዋሉም ትሰማለች። የማያውቃት እንግዳ ስለ ልብስ ስፌት የሚወራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከልብስ ጋር ምንም አይገናኝም። መነሻዋ እንየው የሚባል ሰው፣ አንድ ዓሣ እና አንዲት በቅሎ ናቸው።

እንየው በአባቶቻችን አባቶች ዘመን ድንጋይ በር በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ይኖር ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ገበሬ ነኝ ይላል፤ በጾም ወራት ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ነኝ ይላል። እውነተኛ ሥራው ግን ሙግት ነበር። የጎረቤቱን አውራ ዶሮ «ያለ ሰዓቱ ጮኾ ያለ ሰዓቴ ቀስቅሶኛል» ብሎ ከሶ ሁለት ወር ተሟግቷል። የአጥሩን ጥላ ረግጦ ያለፈ መንገደኛ ደግሞ ወሰን ገፋ ተብሎ ዳኛ ፊት ቆሟል። በዶሮው ተረታ፣ በጥላው ረታ። ክስ ያጣ ሳምንት እህል አልወርድ ይለዋል። ሚስቱ ጠጂቱ ሲቸግራት «በል እኔን ክሰስና ምሳህን ብላ» ትለው ነበር ይባላል።

ከሙግት ቀጥሎ የሚወደው በቅሎውን ነው። ዳልቻ ይላታል። ክረምት ሲገባ ጋቢውን ለእሷ ያለብስና ራሱ አጎዛ ላይ ተኮራምቶ ያድራል። ችሎት የሚሄደው በእሷ ነው፤ ከችሎት የሚመለሰውም በእሷ ነው። የዳልቻ አረማመድ ኩሩ ስለነበር፣ ተረትቶ በሚመለስበት ቀን እንኳ የሚያየው ሰው ሁሉ «ዛሬም ረታ» ይል ነበር። እንየውም ይህን ያውቃል።

ከመንደሩ ፊት ለፊት፣ ከዳር ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጉልላት የሚሏት ቋጥኝ ከውሃው ብቅ ብላለች። ከሥሯ አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ ይኖራል። በዚያ ዓመት ጾም እንየው ሦስት ጊዜ መንጠቆ ጣለለት፤ ዓሣውም ሦስቴ ክሩን በጥሶ ከነመንጠቆው ሄደ። የመጀመሪያው ክር እማማ አንጓች የፈተሉት ጥጥ ነበር። እማማ አንጓች የመንደሩ እናት ናቸው፤ ከእጃቸው እንዝርት አይለይም። ጥጡ ግን ውሃ ጠጥቶ ላላና ሄደ። እንየው ያንኑ ፈትል ደርቦ ገምዶ ዳግም ጣለው፤ እሱም ሄደ። ሦስተኛውን ክር የሰጠው የሚስቱ ወንድም ይርሳው ነው። ይርሳው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዓሣ ማጥመድ ግን ያውቃል። ስድስት የፈረስ ጭራ ጸጉር ገምዶ የሚሠራው ክር ውሃ ውስጥ ሲገባ አይታይም፤ ሲስቡትም ይለጠጣል።

«አያ እንየው፣» አለው ክሩን ሲሰጠው፣ «ሲጎትትህ ልቀቅለት፤ ሲደክመው ሳበው። እየለቀቅክ፣ እየሳብክ፣ እስኪሰለቸው ድረስ ነው።»

«ሌባ ላባብል?»

«ዓሣ ነው እኮ።»

«መንጠቆዬን የወሰደ ሌባ ነው።»

እንየው አለቀቀለትም። ዓሣው ሲጎትት እሱም ጎተተ፤ የፈረሱ ጸጉር ጧ ብሎ ተበጠሰና እንየው ታንኳው ውስጥ በጀርባው ተዘረጋ። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያጠምድበትን ቦታ ይቀይር ነበር። እንየው ግን ክር ሊቀይር ቆርጦ ተነሣ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ደጃፉ ላይ ክር ሲመርጥ ሰነበተ። ቃጫ ገምዶ ዛፍ ላይ አስሮ ተንጠለጠለበት፤ ቃጫው ተበጥሶ ጣለው። ጅማት ቀጣጥሎ ሁለት ወይፈን አሳበበት፤ ያም ተበጠሰ። በመጨረሻ አንድ ሙሉ የበሬ ቆዳ በጠባቡ ተልትሎ፣ ሦስት ሦስቱን ጎንጉኖ፣ ቅቤ አጠጥቶ ጠፍር ሠራ። ውፍረቱ ትንሿን ጣት ያህላል። አንዱን ጫፍ ከሾላ ግንድ፣ ሌላውን ጫፍ ከጥማድ በሬ ጋር አስሮ በሬዎቹን ነዳቸው። በሬዎቹ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ቢገርፋቸውም አልተንቀሳቀሱ፤ ጠፍሩም አልተበጠሰ። የእንየው ፊት በራ።

ይርሳው ክሩን በእጁ መዘነው።

«ይሄማ ገመድ ነው። ዓሣው ያየዋል።»

«ይየዋ። ክስ ተደብቆ አይቀርብም።»

«ቢጎትትህስ?»

«አይበጠስም።»

«ቢጎትትህስ ነው ያልኩህ።»

«እኔም አይበጠስም ነው ያልኩህ።»

ይርሳው ዝም አለ። ለሙግተኛ ሰው ደግሞ ዝምታን የመሰለ ስድብ የለም። እንየው ጠፍሩን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ፣ ዳልቻን ጭኖ፣ በቀጥታ ወደ ጭቃ ሹሙ ሄደ።

ጭቃ ሹም አድማሱ የመንደሩ ዳኛ ናቸው፤ ሾላው ሥር ተቀምጠው ይፈርዳሉ። እንየው ሲመጣ ሲያዩ ጥርሳቸውን ያማቸዋል።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ነው?»

«ዓሣ ነው ጌታዬ። ሦስት መንጠቆ ወስዶብኛል። ከሱ ጋር ቁራኛ ልታሰር።»

በዚያ ዘመን ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው የሚሰነብቱበት ሥርዓት ነው። ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ፍርድ ሳይሰጥ ቋጠሮውን የፈታ፣ ወይም ፍቱኝ ብሎ የለመነ፣ ያን ጊዜውኑ ተረታ ማለት ነው። በዚያ ላይ ውርርድ አለ፤ ተሟጋች እውነቴን ነው ለማለት ካለው ነገር ያስይዛል፤ ከተረታም ያስያዘው ለዳኛው ይሆናል።

«ምን ታስይዛለህ?» አሉት ጭቃ ሹሙ፣ ይህን ሲሰማ ትቶ ይሄዳል ብለው።

«ዳልቻን።»

ጭቃ ሹሙ ቀና ብለው በቅሎዋን ከጆሮዋ እስከ ሰኮናዋ አይዋት። የጥርሳቸውም ሕመም ተዋቸው።

«ዓሣውስ ምን ያስይዛል?»

«እሱማ ነፍሱን አስይዟል።»

«ይበቃል፤» አሉና ነገሩን ለማግስቱ ቀጠሩት።

በማግስቱ ጠዋት ሥርዓቱ እንዳይጓደል የጭቃ ሹሙ አሽከር ውሃው ዳር ቆሞ ተከሳሹን ሦስት ጊዜ ጠራ። «የጉልላት ሥር ነዋሪ፣ ዳኛ ይጠራሃል» አለ። አንድ እንቁራሪት ዘላ ውሃ ገባች፤ ሌላ መልስ የሰጠ የለም። ጭቃ ሹሙም በገዛ እጃቸው የጠፍሩን ጫፍ በእንየው ወገብ ዙሪያ ቋጠሩ። ጠፍሩ እንዲታዘዝላቸው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነበር። እንየው ታንኳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ዓሣውን ሲጠብቅ ቋጠሮው ደረቀ፤ ሲደርቅም እንደ ቀንድ ጠጠረ። ይርሳው ከኋላው ሆኖ ይቀዝፍለታል። እኅቱ ያለ ባል እንዳትቀር ብሎ ነው እንጂ ሐሳቡ አላማረውም ነበር።

ዓሣው ክሩን ሳያየው አይቀርም። ቢያየውም ንቆት መሆን አለበት፣ ረፋዱ ላይ መጥቶ መንጠቆውን ከነማባበያው ጎረሰ።

«ቀረበ፤» አለ እንየው፣ «ተከሳሽ ቀረበ።»

ተከሳሽ ግን ወደ መሀል ሐይቅ ሄደ። ታንኳዋም አፍንጫዋን አዙራ ተከተለችው። ይርሳው ወደ ዳር ይቀዝፋል፣ ዓሣው ወደ መሀል ይስባል፤ እንየው በመካከላቸው ወገቡን ይዞ ያቃስታል። ከዚያ ዓሣው ድንገት ወደ ጉልላት ታጠፈ። ታንኳዋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ እንየው ግን ከዓሣው ጋር ታጠፈ። ውሃ ለውሃ እየተጎተተ ጉልላትን አንድ ጊዜ ዞራት፣ ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ሦስተኛውን ሊዞር ሲል ክሩ ቋጥኟ ላይ ተጠምጥሞ አለቀ። እንየው ውሃው ደረቱ ላይ ሆኖ በጀርባው ከቋጥኟ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ዓሣው በወዲያ በኩል አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ አንዱም ወዲህ አይል፣ አንዱም ወዲያ አይል።

ይርሳው ታንኳዋን አስጠግቶ ማጭድ አወጣ።

«አያ እንየው፣ ልቁረጠው?»

«እንዳትነካው። ቁራኛ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጭቃ ሹሙን ጥራቸው። ተከሳሹን ይዤዋለሁ በላቸው።»

ጭቃ ሹሙ በታንኳ መጡ። ሽማግሌዎቹም በሌላ ታንኳ መጡ፤ ሥራ ያለውም የሌለውም በየታንኳው ተሳፍሮ ቋጥኟን ከበባት። እማማ አንጓች ጥጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ታንኳ ላይም ይፈትሉ ነበር።

«ለመሆኑ ማነው ማንን ያቀረበው?» ብለው ጀመሩ ጭቃ ሹሙ።

«እኔ ነኝ ያቀረብኩት፤» አለ እንየው።

«እኔ እንደማየው ግን ዓሣው ነው አንተን ወደ ቤቱ ያመጣህ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብለው የዓሣውን አፍ መረመሩ። «ጌታዬ፣ ከንፈሩ ላይ አራት መንጠቆ አለ።»

«አያችሁ፤» አለ እንየው፣ «ንብረቴ ነው።»

«ንብረትህስ ንብረትህ ነው፤» አሉ ሽማግሌው፣ «ግን እሱ ካንተ ቤት ገብቶ አልወሰደውም። አንተ ነህ ደጁ ድረስ መጥተህ ከንፈሩ ላይ የሰካኸው። ሰው አፍ ላይ ብረት ሰክቶ ብረቴን መልስ ማለት እንዴት ያለ ሙግት ነው?»

እንየው አሰበ። ሙግቱ ጥሩ ነበር። እሱ ራሱ አስቦት ቢሆን ደስታው ወር ያቆየው ነበር። በውሃ ውስጥ መሆኑን ለአፍታ ረስቶ «መልስ አለኝ» ሲል ማዕበል መጥቶ አፉን ሞላው።

«ፍርድ ይስጡን ጌታዬ፤» አለ ይርሳው፣ «ሰውየው እየሰመጠ ነው።»

«ተከሳሹ መልስ ሳይሰጥ እንዴት እፈርዳለሁ?» አሉ ጭቃ ሹሙ፣ ዓይናቸው ዳር ላይ ወደቆመችው በቅሎ እየሄደ። «አፉን ሲከፍት አታየውም? ነገሩን ሳይጨርስ ላቋርጠው?»

ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል። ውሃው ከእንየው ደረት ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ አገጩ ወጣ። በየታንኳው ይሳቅ የነበረው ሳቅ ቆመ። ይርሳው ማጭዱን ቋጠሮው ላይ አሳረፈ።

«ፍቱኝ በል። አንዲት ቃል ናት፤ በላትና ልቁረጠው።»

እንየው ወደ ዳር ተመለከተ። ዳልቻ ጆሮዋን አቁማ ታየዋለች፤ የጭቃ ሹሙ አሽከር ከአሁኑ ኮርቻዋን ያስተካክላል። ለእንየው የታየው ሞት አልነበረም። የታየው ጭቃ ሹም አድማሱ ዳልቻ ላይ ተቀምጠው በደጁ ሲያልፉ ነው።

«ትንሽ ጠብቁ፤» አለ፣ «ክሩ ይበጠስ ይሆናል።»

እውነቱን ነው፣ ክሩ በራሱ ከተበጠሰ ማንም አልፈታውም፤ በቅሎዋ ትተርፋለች። እንየው ሁለት እግሩን ቋጥኟ ላይ ተክሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። በወዲያ በኩል ዓሣውም ሳበ። ከሳሽና ተከሳሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሐሳብ ተስማሙ። ሕዝቡ «አይዞህ፣ በርታ» ይላል፤ ለየትኛው እንደሚል ግን ለራሱም አልታወቀውም። እንየው ባለፈው ሳምንት እንዳይበጠስ የለመነውን አምላክ አሁን እንዲበጠስ ለመነው። ጠፍሩ ጮኸ፣ ተወጠረ፣ ውሃ ረጨ። አልተበጠሰም።

ሌላ ማዕበል መጣና አናቱን አለበሰው። ከውሃው ብቅ ሲል ሰውየው ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

«ፍቱኝ፤» አለ።

ማጭዱ ጠፍሩ ላይ ተንሸራተተ። ቢላ ተቀባበሉ። ሦስት ጎልማሶች እየተፈራረቁ ሲገዘግዙት ይርሳው የእንየውን አገጭ ከውሃ በላይ ይዞ ቆየ። ክሩ ሲቆረጥ ዓሣው አራት መንጠቆና የአንድ በሬ ቆዳ ይዞ ወደ ጥልቁ ገባ።

ጭቃ ሹሙ ዳር እንደወጡ አልዘገዩም። ዳልቻ ላይ ተቀመጡ፤ ዳልቻም በዚያው በኩሩ አረማመዷ ይዛቸው ሄደች። አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ አላየችም። እንየው ውሃው ከላዩ እየወረደ ዳር ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ የሳቀበትም ሰው አልነበረም። ይርሳው ጋቢውን አውልቆ ደረበለት። እማማ አንጓች መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉ፤ እንየው ግን ቀና ሳይል፣ ወገቡ ላይ የቀረውን፣ እስካሁን አልፈታ ያለውን ቋጠሮ በእጁ እየዳበሰ ቆየ።

«የሆነው ሆኖ፣» አለ በመጨረሻ፣ እንባውን እየጠረገ፣ «ክሩስ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ይኸው አልተበጠሰም።»

እማማ አንጓች እንዝርታቸውን አቆሙ፤ ጣታቸው ላይ የተጠመጠመውን ፈትል ቀጭ አድርገው በጠሱና «ጉድለቱ እሱ ነው ልጄ፤ ክር ሲመርጡ ከነመበጠሻው ነው» አሉት።