የሚዳቋ እናት ላባ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ርቆ ሣሩ ገለባ በሆነበት በጋ፣ በአንበሳው ጫካ ውስጥ የሆራው በር ተከፈተ። ሆራው ከድንጋይ ሥር እየፈላ የሚወጣ ጨዋማ ውሃ ነው። ውሃውን የጠጣ ይበረታል፤ ጭቃውን የተቀባ ቁስሉ ይደርቃል። ውሃው ትንሽ፣ እንስሳው ግን ብዙ ስለሆነ፣ አንበሳው ያለ ላባ ማንም እንዳይገባ ደነገገ። ላባው ዝንጉርጉር የጅግራ ላባ ነው። ሽመላ ጫፉን በቀይ አፈር እየነከረ፣ በአንበሳው ስም፣ ለጫካው ነዋሪዎች አንዳንድ ያድላል። ባለላባውም ከጆሮው ሥር ሰክቶት ይገባል፤ ሲወጣም ለሽመላ ይመልሰዋል።

የበሩን ሥራ አንበሳው ለከርከሮ ሰጠው። ከርከሮም ዙሪያውን በእሾህ አጥሮ ሲጨርስ፣ ጅቦችን በዘበኝነት ቀጠረ። ደመወዛቸው አጥንት ነው። ላባውን የሸጠና የገዛ ከተገኘ፣ ዘበኛው ይዞ ጀንበር እስክትጠልቅ በእሾህ በረት ያቆየዋል። ከጠለቀች በኋላ ምን እንደሚሆን ከርከሮም አልተናገረ፣ ጅቦቹም አልጠየቁ። አንበሳውን የዋሸ ግን ጉዳዩ የአንበሳው ብቻ ነው፤ ዘበኛ አይነካውም።

በዚያ ጫካ አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ዓይን አፋር ናት፤ ሰላም ሲሏት እንኳ መሬት መሬቱን እያየች ነው የምትመልሰው። ነገር ግን የተማረች ነበረች። የእንስሳቱን ግልገሎች ሰብስባ ዱካ ማንበብ የምታስተምረው እሷ ናት። እናቶቹም «እመት ሚዳቋ ያለችው ሁሉ እውነት ነው» ይሉ ነበር። እሷ ግን ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

ምክንያቱም ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። እናቷ ሞታለች። ከዓመታት በፊት፣ ከቁጥቋጦው ሥር እንደተኛች ሳትነሳ ቀረች። ሚዳቋ ብቻዋን ቀበረቻት፤ ብቻዋን አለቀሰች። ለጎረቤት መንገር ነበረባት፤ በጫካው እንስሳ ሁሉ ፊት ማልቀሱን ስታስበው ግን አፈረች። ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ እያለች ሰነበተች። በዚህ መሃል ሽመላ ላባ ሊያድል መጣና እንደ ልማዱ ጠየቃት።

«እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሽመላም ሁለት ላባ ሰጥቷት ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ እንደዚያው ጠየቃት። አሁን «ሞታለች» ብትል «መቼ?» ሊላት ነው። ስለዚህ «ደህና ናት፤ ትንሽ ደክማለች እንጂ» አለችው። የእናቷን ላባ ከቁጥቋጦው ሥር ሸሸገችው።

አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ ቀበሮ ላባውን አየችው። «እናትሽ ከደከሙና መሄድ ካልቻሉ፣ ለምን ይባክናል? እኔ የሚፈልገው አመጣልሻለሁ» አለቻት። ሚዳቋ እምቢ ለማለት ስታፍር ቀበሮ ገዢ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ በጋ በመጣ ቁጥር ገዢው ገብስ ያመጣል፤ ቀበሮ የድለላዋን ትወስዳለች፤ የተረፈውን ሚዳቋ ትበላለች። 

በዚህ በጋ ገዢዋ አህያ ሆነች። አህያ ከከተማ ጭነት ሸሽታ የመጣች እንግዳ ስለሆነች ከሽመላ ላባ አልደረሳትም። ጀርባዋ ላይ ደግሞ ትልቅ ገጣባ አለ፤ ከሆራው ጭቃ በቀር የሚያድነው የለም ተብላለች። ከነጭነቷ ስትሸሽ ጀርባዋ ላይ የቀረውን አንድ ስልቻ ገብስ አስረክባ ላባውን ተቀበለች።

በሩ ላይ የዘበኞቹ አለቃ አያ ጅቦ ቆሟል።

«ነይ እስቲ፣ ላባሽን» አላት።

አህያ ጆሮዋን ዝቅ አደረገችለት። አያ ጅቦ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

«አንቺ አህያ ነሽ?»

«ነኝ፣ ጌታው።»

«ላባሽ ግን ሚዳቋ ሚዳቋ ይሸታል።»

«እንግዲህ ከእመት ሚዳቋ ነዋ የገዛሁት» አለች አህያ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጫን ስለኖረች ውሸት የምትማርበት ጊዜ አላገኘችም።

ወረፋ የያዙት ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ሚዳቋ ራሷ እዚያው ወረፋ ውስጥ ነበረች፤ የራሷን ላባ ሰክታ።  ሁለት ጅቦች በግራና በቀኝ መጥተው ሲያጅቧት፣ ተማሪዎቿ ከእናቶቻቸው እግር ሥር ሆነው ያዩዋት ነበር። አንዱ ግልገል «እናቴ፣ እመት ሚዳቋን የት እየወሰዷት ነው?» ሲል ሰማችው። እናቱ ምን እንደመለሰች ግን አልሰማችም።

ሚዳቋንና አህያን ከበሩ ጀርባ ባለው የእሾህ በረት አስገቧቸው።

«አያ ጅቦ፣ እባክዎ፣ እስከ መቼ ነው የምንቆየው?» አለች ሚዳቋ።

«ጀንበር እስክትጠልቅ።»

«ከዚያስ ትለቁናላችሁ?»

አያ ጅቦ ማሰብ ስለሚከብደው ዓይኑን ጨፈነ። «ቀን ቀን ዘበኛ ነኝ። ጀንበር ስትጠልቅ ዘበኝነቴ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ጅብ ነኝ» አለና ከንፈሩን ላሰ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ከርከሮ ያስጠናው ነገር ትዝ ቢለው ፊቱን አጨማደደ። «ለመሆኑ ላባው የማን ነው?»

«የ... የእናቴ ነው።»

«እንግዲያ እናትሽ ይምጡና ወድጄ የሰጠሁት ነው ይበሉ። ስጦታ ከሆነ ሁለታችሁንም እለቃለሁ። ካልመጡ ሽያጭ ነው።»

«እፎይ» አለች አህያ። «በቃ ይላክባቸዋ። ቤታቸው ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው» አለች ሚዳቋ።

«ቢርቅም ይመጣሉ። እናት አይደሉ?»

ሚዳቋ ወደ በሩ ዞረች። ዓይኗ የበሩ ግንድ ጥላ ላይ ነበር። ሲገቡ ጥላው ከግንዱ ሥር ድፍት ብሎ ነበር። አሁን ረዝሞ የበረቱን አጥር ነክቷል። ውጭ ያሉት ጅቦች ደግሞ ፀሐይን እያዩ ያዛጋሉ፤ እያዛጉ ሚዳቋን ያያሉ።

ጥላው አጥሩን ዘልቆ ሲገባ፣ ከበረቱ ጀርባ ኮሽታ ተሰማ። በእሾሁ መሃል የቀበሮ አፍንጫ ብቅ አለ።

«እናትሽ አይመጡም» አለች ቀበሮ በሹክሹክታ።

«ደክማ ነው።»

«ተይ እንጂ እቴ። አፍንጫ እኮ አለኝ። ከቁጥቋጦሽ ሥር አፈሩ የተቆፈረ ጊዜ ነው ያወቅሁት።»

ሚዳቋ ወደ እሾሁ ተጠጋች። «ልትናገሪ ነው?»

«እኔ? ምን በወጣኝ። ስሚኝ፤ አህያዋ ሰረቀችኝ በይ። ከቁጥቋጦዬ ገብታ የእናቴን ላባ ወሰደች በይ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ቃልሽ ይታመናል። እሷ እንግዳ ናት፣ ማን ያውቃታል? አንቺ ትወጫለሽ፣ እሷ ትቀራለች።»

«ትቀራለች ማለት?»

«ልጅ አትሁኚ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ያንቺም የእናትሽም ላባ የኔ ነው፤ ሌላም ሌላም ነገር ስልሽ እሺ ትያለሽ።» አፍንጫው ከእሾሁ መሃል ጠፋ።

ሚዳቋ ወደ አህያ ዞረች። አህያ ምንም አልሰማችም። እሾሁ ሚዳቋን እንዳይወጋት ጎኗን ወደ አጥሩ አስጠግታ ቆማለች፤ ዝንቡ ገጣባዋን ወሮታል።

«ከዚህ ስወጣ መጀመሪያ የማደርገውን ታውቂያለሽ?» አለች አህያ። «እናትሽን ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ላባቸውን ለቀውልኝ ሳላመሰግናቸው ብቀር ነውር ነው። ምን ይወዳሉ?»

«ለምለም... ለምለም ቅጠል ነበር የምትወደው» አለች ሚዳቋ።

ጥላው እግሯ ሥር ደረሰ። ከሆራው የሚመለሱት እንስሳት በበሩ እየወጡ ነበር። ሽመላ የዕለቱን ላባ ሊሰበስብ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። አያ ጅቦ የበረቱን እሾህ ገለጥ አድርጎ ራሱን አስገባ።

«እህስ፣ እናትሽ መጡ?»

ከአጥሩ ጀርባ ቀበሮ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማ።

«አህያዋ...» አለች ሚዳቋ። አህያ ስሟ ሲጠራ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። ሚዳቋ አየቻት። ሁሉም ያያት ነበር፤ ተማሪዎቿም ጭምር። «አህያዋ ምንም አላጠፋችም። ሊያድናት የሚችል ላባ አለ ሲሏት ገዛች። ጥፋቱ የኔ ነው። እናቴ አትመጣም። ሞታለች። ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። አባ ሽመላ በየዓመቱ ሲጠይቁኝ ደህና ናት እያልኩ የሟች ላባ ስቀበል፣ ስሸጥም ኖሬአለሁ። እሷን ልቀቋትና እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።»



«ስለዚህ እናትየው አይመጡም ማለት ነው» አለ አያ ጅቦ፣ ሲገባው ጊዜ ፊቱ እየበራ። «ጥሩ። ጀንበሯም ያቻትና።»

«ቆይ» አለ ሽመላ። በረጅም እግሩ እየተራመደ መጥቶ በጅቡና በበረቱ መሃል ቆመ። «ላባውን የማድለው በአንበሳው ስም ነው። እኔን የዋሸ አንበሳውን ዋሸ። ይህ ከሽያጭ የከፋ ነው፤ ከዘበኛ አቅም በላይ ነው። በሕይወት ትቀርባለች።»

«እሺ፣ አህያዋስ?»

«ምስክር ናት።»

«ምስክር አይበላም?»

«አይበላም።»

አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አሰበ። «ትንሽ አጥፍታ ቢሆን ኖሮ ትደርሰኝ ነበር። ብዙ ስላጠፋች አመለጠችኝ። ይሄ ምን ዓይነት ሕግ ነው?» አለ። 

እንስሳቱ ሁሉ ተከትለው ሲያቀርቧቸው፣ አንበሳው ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ነገሩን፣ የቀበሮንም ድለላ፣ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ወደ ሽመላ ዞሮ፣ «በየዓመቱ ምን ነበር የምትጠይቃት? አሁንም ጠይቃት» አለው።

«እናትሽ ደህና ናቸው?» አለ ሽመላ።

ሚዳቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ሞታለች» አለች። ስትፈራው የኖረችው ለቅሶ እዚያው፣ በሁሉም ፊት፣ ገንፍሎ ወጣ። አንበሳውም ለቅሶዋ እስኪያባራ ጠበቃት።

«በዚህ በጋ ወደ ሆራው አትገቢም» ሲል ፈረደ። «የራስሽን ላባ ለአህያ ትሰጫለሽ፤ ገብሷንም ትመልሻለሽ። የሟች ላባ ከእንግዲህ አይታደልም።» ቀበሮም እንድትቀርብ አዘዘ፤ እሷ ግን የሚዳቋን ቃል እንደሰማች ወደ ማዶው ጫካ ተሻግራ ነበር።

ሚዳቋ ቤቷ ገብታ አልተኛችም። ከእንግዲህ ልጁን ወደ እኔ የሚልክ ማነው፣ በየትኛው ፊቴ አያቸዋለሁ እያለች ስትጨነቅ ነጋ። ሲነጋ የብዙ እግር ኮቴ ሰማች። እየለየች አዳመጠች፤ የአጋዘን፣ የከርከሮ፣ የጦጣ፣ የአህያ። ሊወቅሱኝ መጡ ብላ ከቁጥቋጦው ሥር ኩርምት አለች።

እነሱ ግን መጥተው፣ አፈሩ ከተቆፈረበት አጠገብ፣ ተደርድረው ተቀመጡ። አህያ ከፊት ነበረች፤ ጀርባዋ የሆራ ጭቃ ተለቅልቋል። ያንኑ ስልቻ ገብስ መሬት ላይ አወረደች፤ በላዩ ለምለም ቅጠል አኖረች።

«ትናንት የመለስኩልሽ እኮ ነው» አለች ሚዳቋ።

«ለለቅሶ ባዶ እጅ አይመጣም» አለች አህያ።

ሽመላ አጠገቧ መጥቶ አንገቱን ደፋ። «በየዓመቱ ስጠይቅሽ ላባ ለመቁጠር አልነበረም፣ ልጄ። ስለ እናትሽ ነበር የምጠይቅሽ» አላት።

ከሁሉም ዘግይቶ አያ ጅቦ እያነከሰ ደረሰ። «ቀብሩ የት ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ከተቀበሩ ዓመታት አልፈዋል እኮ» አለችው ጦጣ።

«ከዓመታት በፊት? ለኔ ሳይነገረኝ?» አለና ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከለቀስተኛው ሁሉ የእሱን ያህል ከልቡ ያዘነ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ አፍረን የደበቅነው ሐዘን ለተንኮለኛ መያዣ ከመሆኑ በፊት ራሳችን ብንናገረው፣ ይፈርዱብናል ብለን የፈራናቸው ጎረቤቶች አጠገባችን ተቀምጠው ሊያጽናኑን እንደሚችሉ ነው።