አፏ አልገጥም ያላት የሙሽራ እናት

ተረት ተረት!

ጆሯችን ክፍት!

እንግዲያ ስሙኝ ልጆቼ። በድሮ ዘመን ባንችይርጋ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። የአገሩ ሰው ጋኗን ይወዳል፣ ዓይኗን ግን ይፈራል። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባል ነበርና።

አንድ ቀን ጎረቤቷ የሻረግ ልጇን ዳረች። ባንችይርጋም የጠላ ጋን ይዛ መጣችና ዳሱ ደጃፍ ቆመች። ሙሽራው ሲገባ የሻረግ አፏን በሰፊው ከፍታ እልል አለች። እልልታው አለቀ፤ አፏ ግን አልተዘጋም። ምራቋ ይወርዳል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ቃል የለም።

ሽማግሌው አያ ጫኔ ዘለው ተነሡና፦

፦ ቡዳ በልቷታል! ማን በላሽ? ተናገሪ! አሉ።

እንዴት ብላ ትናገር?

፦ እንግዲያ እኔ አውቃታለሁ። ያቻት ደጃፉ ላይ! የዚህችን ጎጆ አቃጥሉ፤ ዛሬውኑ ከአገር ትውጣ! አሉ አያ ጫኔ።

ባንችይርጋ ምን ታድርግ? ብትሮጥ ጥፋተኛ ናት፣ ብትቆም ጎጆዋ አመድ ነው። ግን የየሻረግን ፊት አየች። ከጆሮዋ ፊት ለፊት ጎድጎድ ብሏል። የባንችይርጋ የራሷ እናት መንጋጋም ስታዛጋ እንዲሁ ይወልቅ ነበር፤ መመለሱን ከዚያ ታውቀዋለች። ቀረበችና፦

፦ እትዬ የሻረግ፣ ትፈቅጂልኛለሽ? አለች።

የሻረግ በዓይኗ እሺ አለች።

፦ ኧረ ጉድ! እጇን አፏ ውስጥ ልትከት ነው! ልትጨርሳት ነው! አለ ሰዉ።

ባንችይርጋ አውራ ጣቶቿን በነጠላዋ ጠቀለለች። ከኋለኞቹ የታች ጥርሶች ላይ አሳርፋ ወደ ታች ተጫነች፤ ከዚያም ቀስ ብላ ወደ ኋላ ገፋች። ቀጭ አለ! አፏ ገጠመ።

ከበሮ መቺው እንኳ እጁን አየር ላይ ረሳው።

፦ እና ማን በላት? አሉ አያ ጫኔ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

፦ ማንም አልበላትም። ጅማቷ ልል ነው። አፏን አለልክ ስትከፍት መንጋጋዋ ከቦታው ይወጣል። ይኸው ይመልከቱ።

የየሻረግን አውራ ጣት ወደ ክንዷ አጠፈችው። ጣቱ ክንዷን ሳመ።

፦ በስመ አብ! አለ ሰዉ። ሁሉም የራሱን ጣት ያጥፍ ጀመር። የማንም አልደረሰም። የአያ ጫኔ ብቻ ሄዶ ክንዳቸው ላይ ለጥ አለ።

፦ አያ ጫኔ፣ እርስዎም ሲጮኹ ይጠንቀቁ እንጂ፤ አለች ባንችይርጋ።

አያ ጫኔ በአንድ እጃቸው አገጫቸውን ደገፉና በሌላው ከአጠገባቸው መቀመጫ ጠረጉላት።

ተረቴ ሞላ፣ ነጋሪዋም ትብላ። ጉርሻው ግን አነስ ይበል።