የዘመኑ ታላቅ የገና ተጫዋች

ፊታውራሪ ጓንጉል በገና ዕለት ከሕዝቡ ጋር ገና ሊጫወቱ ሜዳ ወረዱ። እስኪመሽ ድረስ በዱላቸው አየሩን ሲቀዝፉ ዋሉ እንጂ ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ አንዴም አልነኳት። ጨዋታው ሲያበቃ በምላሱ የታወቀ አንድ ሸማኔ አስጠሩና፣

«በል፣ የዘመናችንን ታላቅ የገና ተጫዋች ምረጥ! እኔን ብትል በሽንገላህ፣ ሌላ ሰው ብትል በንቀትህ ትገረፋለህ» አሉት።

ሸማኔው ጀርባው ከወዲሁ አሳከከው። አለንጋ የያዘውን አሽከር ሰረቅ አድርጎ አየና እጅ ነስቶ፣

«ጌታዬ፣ ታላቋስ ሩሯ ናት» አለ።

«ደግሞ ኳስ ተጫዋች ትባላለች?»

«እንዴታ! በዚህ አገር ከእርስዎ ዱላ ያመለጠ ሰው የለም፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስታመልጥ ዋለች።»

ፊታውራሪው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር።